በጣና ዳር ያለ ዋጋ የሚሰማ ዜማ

ስለ ጣና ባሕርና ስለ ባሕር ዳር ከተማ ከዚህ ቀደም ብዙ ሰዎች ጽፈዋል። የጻፉትም አብዛኛው በዓይን ስለሚታየው ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ደሴቶቹ፥ በገዳማቱ ግድግዳ ላይ ስላሉት ሥዕሎች፥ ስለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴና ስለ ደንገል ታንኳ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢዎች ላቀርብ ያሰብሁት በጆሮ ስለሚሰማው፥ ይልቁንም ማንም ሰው ገንዘብ ሳይከፍል ስለሚሰማው ዜማ ነው። ወደዚህ አሳብ ያመጣኝን ምክንያት አስቀድሜ ልንገር።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከአባቴ፥ ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋራ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። የጉዞው አሳብ የአባቴ ነበር። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ 78 ዓመት ሆኖ ነበር። ሰውነታቸው ደኅና ሲሆን ጆሮአቸው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየከበደ ስለ ሄደ ለሐኪም አሳየናቸው። ሐኪሙም ይህ ከዕድሜ ጋራ የሚመጣ ነው፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም፤ አስቀድሞም የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው ብሎ ነገራቸው። በጆሮ የሚሰካውን የመስሚያ መሣሪያ ገዝተንላቸው ነበር፤ ነገር ግን ጩኸት ብቻ ነው የሚያሰማኝ ብለው ከመሳቢያ ውስጥ አኖሩት። በዚያው ሳምንት ጠርተውኝ፥ «ጆሮዬ ፈጽሞ ሳይዘጋ የጽጌን ማኅሌት በጣና ዳር አንድ ጊዜ መስማት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ከዚህ በቀር ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አባቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ ይዘው፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከየደጁ ቍራሽ እየለመኑ፥ ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄደዋል። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት እንደ ሆነች አንባቢዎች ያውቃሉ። ነገር ግን አባታቸው ስለ ሞቱና ታናናሽ ወንድሞቻቸውን የሚያሳድግ ሰው ስለ ታጣ ትምህርቱን ከመንገድ ትተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገለገሉ። ማስመስከር ሳይችሉ መቅረታቸውን ለእኛ ለልጆቻቸው አንድ ቀን እንኳ አንሥተው አያውቁም። በተማሪነታቸው ዘመን ግን አንድ የጽጌ ወራት ከጓደኞቻቸው ጋራ በእግር ወርደው በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ማኅሌት እንዳደሩ፥ ባሕር ዳርም ያን ጊዜ ትንሽ መንደር እንደ ነበረች ይናገሩ ነበር።

መንገዱን በዝርዝር አልጽፍም። የዓባይን በረሓ ተሻግረን በደብረ ማርቆስ አደርን፤ ዝናሙ ማቆሙ ስለ ነበረ የጎጃም ምድር በኑግ አበባ ቢጫ ለብሶ አየነው፤ ሐሙስ ከቀትር በኋላም ባሕር ዳር ገባን። ከተማይቱ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ ጐዳና ያላት ናት። ባሕሩም በዚህ ወር ሞልቶ ይታያል፤ ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ የክረምቱን ውሃ አምጥተው የሚያፈሱበት ነውና። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ወዲያ ማዶውን ለማየት የሚችል ዓይን የለም። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እንቦጭ የሚባለው አረም እየወረረው መሆኑን ሰምተን አዝነን ነበር፤ በከተማይቱ በኩል ግን ውሃው ጥርት ያለ ነበር።

ያረፍነው ከባለቤቴ ዘመዶች ቤት ነው። ዐርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፥ ገና ሳይነጋ፥ ከደጅ የሰው ድምፅ ተሰማ። አንድ ወንድ በቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ አንዲት ሴት ዝግ ባለ ድምፅ ትቀበለዋለች። ወዲያው የቤቱን ጌታ ስም እየጠሩ፥ ልጆቹንም እየመረቁ፥ የሞቱትን አባቱን እያነሡ ማዜም ጀመሩ። እነዚህ በብዙ አገር ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ናቸው። ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያገቡታል። ይህን ሥራ የተወ እንደ ሆነ በደዌ ይመታል የሚባል እምነት ከጥንት ጀምሮ ስላለ፥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ መጥቷል። የቤቱ እመቤት ተነሥተው እንጀራና ጥቂት ገንዘብ አወጡላቸው፤ እነርሱም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ሄዱ።

ልጄ ከመኝታዋ ተነሥታ በመስኮት ታይ ነበርና፥ «ማን ጠራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልጠራቸውም አልኋት። «ባይሰጧቸውስ ኖሮ?» አለች። ለሌላው ቤት ይዘፍናሉ አልኋት። ጥቂት አሰበችና፥ «አባባ ግን አልሰሙም፤ ተኝተዋል» አለች። በእውነትም አባቴ ያሉበት ክፍል ወደ ደጁ ቅርብ ሲሆን አልነቁም ነበር። ጧት ቍርስ ላይ ነገሩን በነገርናቸው ጊዜ ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ እኔም ባልነገርናቸው ኖሮ ብዬ ተጸጸትሁ።

በዚያው ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። በመንገዳችን ክብራን ገብርኤልን በሩቁ አየነው፤ ወደዚያ ደሴት ሴት ስለማይገባ ባለቤቴና ልጄ ባሉበት መውረድ አልተቻለም። ዘጌ ግን ሁሉን ትቀበላለች። ምድሯ በሬ ስለማይጠመድባት ከዳር እስከ ዳር ደን ነው፤ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል፤ ሕዝቡም የሚኖረው በዚያ ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ስንሄድ በአንድ ዛፍ ሥር ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዜማ ሲቀጽሉ አገኘን። አንደኛው ይመራል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሲሳሳትም ያ መሪው ጕልበቱን በጣቱ መታ እያደረገ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አባቴ ቆሙ። እኛ ያቆማቸው ድካም መስሎን ነበር። ጎንበስ ብለው የአፋቸውን አከፋፈት ሲመለከቱ ቆይተው፥ «ዕዝል ነው» አሉ። እውነትም ዕዝል ኖሯል፤ ልጆቹን ጠይቄ አረጋገጥሁ።

ስለዚህ ነገር ለማያውቁት ወጣቶች ጥቂት ልናገር። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ የቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረ ነው፤ በጣና ቂርቆስ ደሴትም ተቀምጦ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። ዜማው በሦስት ዐይነት ይከፈላል፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዐራራይ ይባላሉ። ድጓውም ለዓመቱ ቀን ሁሉ፥ ለየበዓሉና ለየሳምንቱ የተደለደለ ስለ ሆነ፥ ዜማ የሌለበት ቀን የለም። ከቃሉ በላይ የሚጻፈውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ያወጡት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከዚያ በፊት ሁሉም በቃል ብቻ ይያዝ ነበር። ዛሬም ቢሆን ተማሪ ቀን በመጽሐፍ ቢያነብም ሌሊት በጨለማ በቃሉ ሲለው ካልተገኘ አወቀ አይባልም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ለጐብኚ የሚቈረጥ ወረቀት አለ። ዋጋውን ከፈልን። ልጄም ወረቀት የሚቈርጡትን አባት፥ «ዜማውን ለመስማትም ይከፈላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ስቀው፥ «ይህስ ሥዕሉን ለማየት ነው፤ ለጸሎት የመጣ ሰው ምን ይከፍላል? ሌሊት ከመጣሽ አንቺንም ማንም አይጠይቅሽም» አሏት። ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ ከአሳቤ አልወጣም። በመቅደሱ ዙሪያ ያለውን ሥዕል ማንም የሚያደንቀው ስለ ሆነ እኔ ምስጋና ልጨምርበት አያስፈልግም። ነገር ግን በቀን የሚታየው በዋጋ ሲሆን በሌሊት የሚሰማው ያለ ዋጋ መሆኑን፥ የውጭ አገር ሰዎችም ለመጀመሪያው ብለው ከሩቅ አገር ሲመጡ ሁለተኛውን ሳይሰሙ መመለሳቸውን አሰብሁ። እኛም ራሳችን ብንሆን ከእነርሱ አንሻልም፤ እኔ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ሌሊት ማኅሌት ቆሜ አላውቅም ነበር።

የዐርብን ማታ ነገር ባልጽፈው እወድ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለንጽጽር ይጠቅማል። ዘመዶቻችን አዝማሪ ወደሚዘፍንበት አንድ ቤት ወሰዱን፤ መግቢያ አይከፈልበትም ተባለ። በእውነትም በሩ ላይ የጠየቀን የለም። አዝማሪው ብልኅ ሰው ነበር፤ አንዲቱን የፈረስ ጭራ የማሲንቆ ጅማት እንደ ሰው ያናግራታል፤ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ቃል እየተቀበለ በዚያው በቆመበት ግጥም ያደርገዋል። እንግዳውም ደስ ባለው ጊዜ ገንዘብ ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። በመጨረሻ ግን የመጠጡ ሒሳብ ሲመጣ፥ ለልጄ የተቀዳላት አንድ ለስላሳ ብቻውን በደጅ ከሚሸጥበት አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያለ ዋጋ የተባለው ሁሉ ያለ ዋጋ እንዳይደለ ያን ጊዜ ተማርን። በአዝማሪው አልፈርድም፤ እርሱ የሚያገኘው ከግንባሩ የተለጠፈለትን ብቻ ነው ብለውኛል። አባቴ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ስለ ተቀመጡ ማሲንቆውን ሰምተው ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኛ ግን በማግሥቱ ጧት ድረስ ጆሮአችን ይጮህ ነበር።

በባሕር ዳር ከዚህም ሌላ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል የሚባል ቴአትርና ሙዚቃ የሚታይበት አዳራሽ አለ። በዚያ ሳምንት ለመግባት ጊዜ አላገኘንምና ስለ እርሱ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ ቀን ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሳለን፥ በዋሽንግተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በስልክ ደወለ። የመጣንበትን ነገር በነገርሁት ጊዜ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። በዚያ ከተማ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የተሠራ ታላቅ የኪነ ጥበብ ቤት አለ፤ በዚያም ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፊው አዳራሽ አንድ መድረክ ተዘርግቶ፥ በየቀኑ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ለማንኛውም ሰው ያለ ወረቀት ሙዚቃና ጭፈራ ይቀርብበታል። ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ እየገባ የስንቱን አገር ዜማ ሰምቷል። ይህ መልካም ልማድ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ ከሳምንቱ በጥቂት ቀን ብቻ የሚደረግ ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን ገና እንደ ነበረ ነበር። ወንድሜም፥ «እናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይሠራ ይሆን?» አለኝ። አባቴ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ከጆሮአቸው ቀርቤ በነገርኋቸው ጊዜ፥ «ለዘፋኞቹ ማን ይከፍላቸዋል በለው» አሉኝ። እርሱም ቤቱ ራሱ እንደሚከፍላቸው፥ ለዚህም ባለጠጎች የሚሰጡት ገንዘብ እንዳለ መለሰ።

አባቴም ወደ ባሕሩ እየተመለከቱ እንዲህ አሉ። «የእኛስ ቢሆን ያለ ከፋይ መች ኖረ? ደብተራው መሬት ነበረው። ማኅሌት ቢያስታጕል መሬቱን ይነቀላል። ሕዝቡ ያለ ዋጋ ሰማ እንጂ ዋጋው በመሬቱ ተከፍሎ ነበር።»

ይህ ነገር እውነት ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፥ ካህናቱና ደብተሮቹ የሚኖሩት በአገልግሎታቸው ልክ በሚይዙት መሬት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አገልግሎቱ እንደ ነበረ ሆኖ፥ ከፋዩ ምእመናኑ በየሰበካቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ሆነ። በትልቅ ከተማ ያለ ደብር ለመሪ ጌታው ደመወዝ ለመስጠት ይችላል። በገጠር ያለው ግን መሪ ጌታው አርሶ ካልበላ፥ ተማሪውም ለምኖ ካልበላ ጕባኤው ይፈታል። ማኅሌት እንዳይቋረጥ የሚወድ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ወንድሜን ግን በአንድ ነገር አልተስማማሁትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይሠራ ይሆን ማለቱ፥ የተሠራውን ባለማየት ነውና።

አሁን ወደ ቅዳሜ ሌሊት ልመለስ። ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ወራት በየቅዳሜው ሌሊት ይቆማል። ድርሰቱ የአባ ጽጌ ድንግል ነው፤ የእመቤታችንን ስደት ከአበባው ወራት ጋራ አስማምቶ የሚናገር ነው። የዚያ ቅዳሜ ጥቅምት 17 ቀን ነበር። ከመኝታ ተነሥተን ነጠላችንን አጣፍተን ወጣን። ጨረቃዋ ሙላቷን ካለፈች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ ሆኖም መንገዱን ሁሉ ታሳየን ነበር። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ይቀዘቅዝ ነበርና አባቴን በጋቢ ሸፈንናቸው። የባሕር ዳር ጊዮርጊስ ከውሃው ዳር የራቀ ስላይደለ ብዙ አልደከሙም።

በደጀ ሰላሙ ስንገባ ማንም የጠየቀን የለም። ጫማችንን አውልቀን ወደ ውስጥ ገባን። ባለቤቴ ወደ ሴቶቹ ቦታ ሄደች፤ ልጄ ሕፃን ስለ ሆነች ከአያትዋ ጋራ እንድትቆም ፈቀዱላት። አባቴ መጀመሪያ ከሕዝቡ መካከል ከኋላ ቆመው ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ደብተራ ግን ሲያልፉ አዩአቸውና፥ አቋቋማቸውን ይሁን የእጃቸውን አያያዝ ይሁን እንጃ፥ ምንም ሳይናገሩ አንድ መቋሚያ አምጥተው ሰጧቸው። አባቴም ተቀብለው ራሱን ሳሙት።

መዘምራኑ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ቆመዋል። መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ይመራል፤ ሌሎቹ ተቀብለው ያነሡታል። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከወዲያ ወዲህ እንደ ሸምበቆ ይዘነበላል፥ አንዳንድ ጊዜም መሬቱን መታ ያደርጋል። ከዚህም በኋላ ጸናጽሉ ይጨመራል፤ ከዚያም ከበሮው በመረግዱ ጊዜ ይነሣል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ፥ ማለት ጭብጨባው ይከተላል። ይህን ሥርዓት ያልተማረ ሰው ሁሉም አንድ ይመስለዋል። የሚያውቅ ሰው ግን ደረጃ በደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሆኖ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀ ይሰማዋል። ጐንደርና ደብረ ታቦር በአቋቋም እየተፎካከሩ ብዙ ሊቃውንት ያወጡትም ስለዚህ ነው።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። የመሪው ድምፅ ወፍራም ስለ ነበረ እንደሚሰሙት ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ አወቅሁ፤ ከእርሱ ጋራ ቃሉን ይሉ ነበርና። ጥቂት ቆይተው ግን ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ ዘወር አሉና፥ «ጸናጽሉን ለምን አላነሡትም? ቦታው ደርሷል» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት ከሃያ የማያንስ ጸናጽል በአንድነት ይንሿሿ ነበር። እኔ የምመልሰውን ቃል አጣሁ። እንዳልዋሽ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነኝ፤ እውነቱን እንዳልናገር ያን ያህል መንገድ የመጡት ለዚህ ነው። ሐኪሙ ቀጭኑ ድምፅ አስቀድሞ ይጠፋል ያለው ነገር ይህ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። እኔ ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ልጄ የአያትዋን ጋቢ ሳብ አደረገችና፥ በትንሽ እጅዋ ጸናጽል እንደ ያዘ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገች አሳየቻቸው፤ ከዚያም ወደ መዘምራኑ በጣትዋ አመለከተች። እርሳቸውም የመዘምራኑን እጆች አዩ። ብዙ ጊዜ ቆመው ተመለከቱ። «አዎን» አሉ፤ «ተነሥቷል።»

ከዚህ በኋላ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። የእጆቹን እንቅስቃሴ እየተከተሉ መቋሚያቸውን ያዘነብሉ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ አንድ ምት ያህል ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ግን ደረሱ። ከበሮው በተመታ ጊዜ ወደ ልጄ ጎንበስ ብለው፥ «ይኸስ በእግሬ በኩል ይመጣል» አሏት። እርስዋም እግርዋን ከእግራቸው አጠገብ አድርጋ ምንጣፉን ረገጠች፤ «ለእኔም ይመጣል አባባ» አለቻቸው። ጽፋቱ ሊጀመር ሲል፥ ገና አንድም ሰው ሳያጨበጭብ፥ አባቴ መቋሚያውን ከብብታቸው ሥር አግብተው ሁለቱን እጆቻቸውን አዘጋጁ። ያ መቋሚያ የሰጧቸው ደብተራ ከማዶው ረድፍ ሆነው ይህን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከስሳ ዓመት ገደማ በፊት የተማሩትን ቦታ አልሳቱትም።

እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እግሬ ስለ ዛለ ከግድግዳው ተጠግቼ ተቀመጥሁ፤ ልጄም በጕልበቴ ላይ አንቀላፋች። አባቴ ግን እስኪነጋ ድረስ ቆሙ። ዙሪያዬን ስመለከት የቀን ሠራተኛው፥ ሹሙ፥ አሮጊትዋ፥ የዩኒቨርስቲው ተማሪ፥ ሁሉም በአንድ ምንጣፍ ላይ ቆመዋል። ከፊት የሚቀመጥና ከኋላ የሚቀመጥ፥ በብዙ የገዛና በጥቂት የገዛ የሚባል ነገር የለም። በአዲስ አበባ በትልልቁ አዳራሽ ወንበሬን በቍጥር ፈልጌ ስቀመጥ የሚሰማኝ ኩራት በዚያ ሌሊት ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ይህን አንብቦ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢኖር ጥቂት ምክር ልስጥ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ጦርነት ስለ ተነሣ፥ የመንገዱንና የሌሊቱን ነገር በዚያ ካሉ ሰዎች አስቀድሞ ጠይቆ መነሣት ይገባል። ሁለተኛ፥ የጽጌ ወራት ካለፈ ጧት ጧት ኪዳኑ፥ በገዳማቱም ሰዓታቱ አይታጎልምና ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። በዐቢይ ጾም የሄደ ሰው ደግሞ ጾመ ድጓውን በየቀኑ ይሰማል። ነጠላ መያዝ፥ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ማድረግ፥ የስልክን ድምፅ መዝጋት ያስፈልጋል፤ በተለይ ይህን የመጨረሻውን። በዚያ ሌሊት በማኅሌቱ መካከል የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኾ ሰውን ሁሉ አስቀይሞ ነበር፤ አባቴ ብቻ አልሰሙትምና አልተቈጡም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ገብተን ቍርስ ስንበላ፥ በማግሥቱ በሌሊት ተነሥተን እንድንመለስ ነገርኋቸው፤ ከመሥሪያ ቤቴ ያገኘሁት ፈቃድ ማክሰኞ የሚያልቅ ነበርና። አባቴም እንጀራቸውን እየቈረሱ፥ «ጽጌው እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ገና ሁለት ቅዳሜ ይቀራል» አሉ። እኔ የምለውን ስፈልግ የቤቱ እመቤት ቀድመው፥ «አልጋውም አለ፤ ቤቱም የእርስዎ ነው» አሏቸው። ልጄም እኔም እቀራለሁ ብላ አለቀሰች፤ ትምህርትዋ ስላለ ግን አልሆነም።

ሰኞ ጧት ስንነሣ አባቴ ከደጅ ወጥተው ሸኙን። ደብተራው የሰጧቸውን መቋሚያ እሑድ ሊመልሱላቸው ሄደው ሳለ፥ እርሳቸው ለሚመጣው ቅዳሜ ይያዙት ብለው ትተውላቸው ኖሯል፤ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ልጄ በመኪናው መስኮት እጅዋን አውጥታ እንደ ጸናጽል ወደ ላይና ወደ ታች አደረገችላቸው። እርሳቸውም በመቋሚያው መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው መለሱላት።